ሻንሲው ከመበየዱ በፊት የኤሌክትሪካል ተማሪዎቹን ጥሩ

ፎርሙላ ስቱደንት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ራሳቸው ነድፈው በሠሩት የእሽቅድምድም መኪና የሚፎካከሩበት ውድድር ነው። በፈረንጆቹ 2023 የዙሪክና የሉሰርን ተማሪዎች የሠሯት የኤሌክትሪክ መኪና በ0.956 ሰከንድ ከዜሮ ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። ዜናውን ያነበበ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ቡድን ሲቀላቀል ዓይኑ የሚያርፈው ሞተሩና ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ከረንት ለሞተሩ በሚስማማ መልክ የሚቀይረው ዕቃ) ላይ ነው። ቡድኑ ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ሻንሲው (የመኪናዋ አጽም) ተበይዶ ካለቀ በኋላ ሽቦ እንዲዘረጋለት ነው። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው።

የውድድሩ ደንብ ባትሪው ከ120 ቮልትና ከ6 ሜጋጁል በማይበልጡ ክፍሎች እንዲከፋፈል ያዛል። 400 ቮልትና 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚይዝ ባትሪ በቮልቱ ቢሆን 4 ክፍል ይበቃው ነበር፤ በኢነርጂው ግን 5 ይሆናል። በየክፍሉ መካከል ደግሞ መለያያ ይገባል። ይህን ማንም ሳያሰላ የተበየደ ሻንሲ፣ የባትሪው ሳጥን አልገባ ሲል በመጋዝ ይቆረጣል።

አዲስ ገቢው ተማሪም በኢንቨርተር አይጀምር፤ በማጥፊያ መስመሩ ይጀምር። የአደጋ ጊዜ ማጥፊያዎቹ፣ የፍሬን ፔዳሉ ከልክ በላይ ሲወርድ የሚያቋርጠው ስዊች፣ የባትሪና የኢንሱሌሽን (ከፍተኛው ቮልቴጅ ወደ መኪናዋ አካል እንዳያልፍ የሚከለክለው መከላከያ) መቆጣጠሪያዎቹ በተከታታይ የታሰሩበት መስመር ነው፤ አንድ ቦታ ከተቋረጠ ባትሪው ከመኪናዋ ይለያል። አንድ የላላ ተርሚናል በንዝረት ለቅጽበት ቢለቅ መኪናዋ ትቆማለች። በውድድሩ የአሜሪካ አቻ በፎርሙላ ኤስኤኢ ከ1000 ነጥብ 275ቱ የሚገኘው በ22 ኪሎ ሜትሩ የጽናት ውድድር ስለሆነ ኪሳራው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሽቦው በሊድ አይበየድ። ሊድ የጠጣ ሽቦ ይደርቅና ሊዱ የሚያልቅበት ላይ ይሰበራል። ለተርሚናሉ በተሠራ ፒንሳ ይጨመቅ፣ ከዚያ ተስቦ ይፈተን።

ቀጥሎ ቅድመ ሙሌቱ ይምጣ። ኢንቨርተሩ ውስጥ 500 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያጠራቅም ዕቃ) አለ እንበል። ባትሪው በቀጥታ ከተገናኘው የሚፈሰው ከረንት የዋናውን ኮንታክተር (ባትሪውን የሚያገናኘውና የሚለየው ማብሪያ) ነጥቦች ሊያጣብቅ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ማጥፊያው ቢጫንም ባትሪው አይለይም። መፍትሔው መጀመሪያ በ1 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል መሙላት ነው፤ በ1.5 ሰከንድ ገደማ 95 በመቶ ይደርሳል። የሚዘነጋው ሙቀቱ ነው። በ400 ቮልት መጀመሪያ ሬዚስተሩ ላይ የሚያርፈው 160 ዋት ነው። ባለ 10 ዋቱ ለአንድ ጊዜ ሊችለው ይችላል፤ ጋራዥ ውስጥ ደጋግመው ሲያበሩና ሲያጠፉ ግን ይቃጠላል። ሰዓት ብቻ ቆጥሮ ኮንታክተሩን የሚዘጋ ሶፍትዌር ደግሞ ሬዚስተሩ መቃጠሉን አያውቅም። ቮልቴጁን ለክቶ ይዝጋ።

የማፍጠኛ ፔዳሉ ላይ ያሉት ሁለት ሴንሰሮች ከ10 በመቶ በላይ ለ100 ሚሊሰከንድ ከተለያዩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ኃይል መቋረጥ አለበት። ሁለቱን በአንድ ግራውንድ ሽቦ ያሰረ ሰው ይህን ጥበቃ ራሱ አፍርሶታል፤ ሽቦው ሲበጠስ ሁለቱም አብረው ይዋሻሉ።

የውኃ ፍተሻው ብዙ ቡድን ያሳፍራል። መኪናዋ ላይ ለ120 ሰከንድ ውኃ ይረጫል፣ ሌላ 120 ሰከንድ ይጠበቃል። ኢንሱሌሽኑ ለእያንዳንዱ ቮልት ከ500 ኦም በታች ከወረደ፣ ማለትም በ400 ቮልት ከ200 ኪሎኦም በታች፣ መቆጣጠሪያው ያጠፋታል። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ማሸጊያ ጎማው የጎደለ ኮኔክተር ነው። ይህ ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ቢታወቅ ምን ይጠቅማል? ዕቃ አዝዞ ለመቀየር ጊዜ እያለ፣ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ይረጭባት።