ቁልፉን ስጡኝና ልረፍ

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ የመጣ ሰው የሚፈልገው አልጋና ጸጥታ ነው። እኔ ደግሞ ከተፈጥሮዬ ዝምተኛ ነኝ። ሆቴሉ በር ላይ ግን ሻንጣዬን ይሻሙበታል። እንግዳ መቀበያው ጋ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል። ልጅቷ መታወቂያዬን ይዛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ብቻዎን ነዎት? ለምን ጉዳይ መጡ?» ትለኛለች። የክፍል ቁጥሬንም ጮክ ብላ ትናገራለች! ይሄ እኮ የደህንነት ጉዳይም ነው። ጎጃም የእንግዳ እግር አጥቦ የሚያሳድር አገር ነው፤ ታዲያ ሆቴል ሲሆን ምን ነካን? ስሜንና ስልኬን አልጋ ሳስይዝ ሰጥቻለሁ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ቁልፉን መስጠት ምን ይከብዳል? የቁርሱንም ሰዓት እዚያው ጻፉልኝ፤ በጠዋት እያንኳኳችሁ አትቀስቅሱኝ።