ከብቱ ከሳኔቲ ይነሳ ወይስ ይቆይ?

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ፓርኩ ውስጥ ግን ሰው ይኖራል፣ ሳኔቲ በሚባለው ከፍተኛ ሜዳው ላይ ከብትም ይግጣል። ይህ ይቀጥል? ሁለት ጸሐፊዎች ተሟግተዋል።

ይነሳ ባይ፦ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ሳኔቲን ያቋርጣል። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ብርድ ሳር ቶሎ አያገግምም። ሳሩን ከብት ከጨረሰው ፍልፈሉ ምን ይበላል? ፍልፈል ከሌለስ ቀይ ቀበሮው? በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላዩ እዚሁ ባሌ። ከእረኛ ጋር ደግሞ ውሻ ይመጣል፣ ከውሻ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦም ለግጦሽ ሲባል ይቃጠላል።

ይቆይ ባይ፦ ወንድሜ፣ ከመኪና ሳይወርዱ ያዩት መሰለኝ። ወርደው ትንሽ ቢቆዩ ቀይ ቀበሮ ከከብት መሃል ገብቶ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ያዩት ነበር። አይጧ ላሞቹን ለምዳለች፣ አትሸሽም። እሱ በእነሱ ተከልሎ ይጠጋና ላፍ ያደርጋታል። ከብት እንዲህ ጠላቱ ቢሆን ይህን ብልሃት ከየት ለመደው? ውሻው ይከተብ እንጂ ሰው ለምን ይነቀላል? ጎዳንቱም፣ ከብትን በየወቅቱ የማዘዋወሩ ልማድ፣ ሥርዓት አለው። ታች ሰብል ሲኖር ከብቱ ሽቅብ ይወጣል፣ አዝመራው ሲነሳ ይመለሳል።

ይነሳ ባይ፦ ችግሩ እኮ አሁን ሁሉም አለመመለሱ ነው። ለወራት የምትቀለስ ጎጆ ቋሚ ቤት ሆነች፣ ከጎኗ የገብስ ማሳ ወጣ። ሰሜን ተራሮችን ያስታውሱ። በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች በ2008 ወደ ደባርቅ ከተማ ተነሱ፣ በ2009 ከመዝገቡ ወጣ።

ይቆይ ባይ፦ ወጣ፣ ደግ። ዕድሜውን ሲያርስ የኖረ ሰው ከተማ ገብቶ ምን ይሠራል? ስለ ማሳው አልከራከርም፣ እርሻው ይቁም። እዚሁ ባሌ ያለውን የሐረና ጫካን ግን ይመልከቱ። ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ይሰቅላል፣ ከጥላው ሥር የጫካ ቡና ይለቅማል። ዛፉ ከወደቀ ማርም የለ፣ ቡናም የለ። እሱን ካስነሱት መጥረቢያ ይዞ የሚመጣውን ማን «ተው» ይለዋል?

ይነሳ ባይ፦ የሐረናው ቀፎ ይሰቀል፣ እሱን ማን ነካው! እኔ የምለው ሳኔቲን ነው። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው ውኃ በገናሌ ወንዝ በኩል ሶማሊያ ድረስ ሰው ያጠጣል። ቢያንስ ከፊሉ ለጥቂት ዓመት ይከለልና ይታይ።

ይቆይ ባይ፦ ይከለል። ካርታው ግን ከእረኞቹ ጋር ተቀምጦ ይሳል። ከብቱ ሆራ፣ ማለትም ማዕድን ያለበትን ውኃ፣ የሚጠጣበትን ምንጭና መንገዱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መንገዱን ሳያውቁ ከዘጉት ከብቱ በሌሊት ይገባል።