ማስተካከያ፦ ኖይዝ ባለበት የፋይበር መስመር የሲግናልን ኃይል ስለመለካት

ስለ ፋይበር ልኬት ቀደም ሲል በወጣው ማብራሪያ፣ ሌዘሩ ሲበራ ከተነበበው የዲቢኤም ቁጥር ላይ ሲጠፋ የተነበበው (ማለትም ኖይዙ፣ ያልተፈለገው ብርሃን ብቻ) ተቀንሶ የሲግናሉ ኃይል እንደሚገኝ የተገለጸው እንደሚከተለው ይታረም።

ዲቢኤም ኃይልን ከ1 ሚሊዋት ጋር የሚያነጻጽር የሎጋሪዝም መለኪያ በመሆኑ ንባቦቹ ከመቀነሳቸው በፊት ወደ ዋት መቀየር አለባቸው። ሌዘሩ በርቶ -27፣ ጠፍቶ ደግሞ -30 ዲቢኤም ቢነበብ፣ እነዚህ እንደ ቅደም ተከተላቸው ወደ 2 እና 1 ማይክሮዋት ስለሆኑ የሲግናሉ ኃይል 1 ማይክሮዋት፣ ማለትም -30 ዲቢኤም ይሆናል፤ በቀጥታ ሲቀነስ የሚመጣው 3 ግን የሁለቱን ንባቦች ውድር የሚያሳይ እንጂ ኃይል አይደለም።

ይህም ቢሆን የሚያገለግለው ኖይዙ ሌዘሩ በራም ጠፋ የማይለወጥ ሲሆን፣ ለምሳሌ ከክፍሉ መብራት ሲመጣ ነው። መስመሩ ላይ የኤርቢየም ማጉያ (በፋይበሩ የሚያልፈውን ብርሃን የሚያጎላ መሣሪያ) ካለ፣ ግቤቱ ሲቋረጥ ማጉያው ብዙውን ጊዜ የራሱን ኖይዝ ስለሚጨምር ተቀናሹ ከልክ ያልፋል፤ ውጤቱ አሳማኝ መምሰሉ ደግሞ ስህተቱን ለማወቅ ያስቸግራል። እንዲህ ባለ መስመር ሲግናሉን ሳያቋርጡ፣ በስፔክትረም አናላይዘር (የብርሃንን ኃይል በሞገድ ርዝመት ለይቶ በሚያሳይ መሣሪያ) ከሲግናሉ ግራና ቀኝ ያለውን ኖይዝ ለክቶ በመካከል ያለውን መገመት ይሻላል። በቻናሎች (በተለያየ የሞገድ ርዝመት በሚላኩ ሲግናሎች) መካከል ያለውን ኖይዝ የሚቆርጥ ማጣሪያ ካለ ግን ይህ ዘዴም ኖይዙን አሳንሶ ያሳያል።