ሳር አይደለም እንዴ የሚበሉት?

ዛሬ ጠዋትም ይቺኑ ቃል ሰማሁ። ገና አንድ ሰዓት አልሆነም። ለጥንቸሎቼ ሳር ያጨድኩበትን ከረጢቴን ተሸክሜ ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር በኩል እየተመለስኩ ነው። አንድ የሰፈራችን ሰው ባጃጁን አቆመና «አቦ አንቺ ደግሞ! ለጥንቸል ብለሽ ይሄን ያህል? ሳር አይደለም እንዴ የሚበሉት?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሰላም ብዬው አለፍኩ። ግን ቤት እስክደርስ ከውስጤ አልወጣ አለኝ። ዛሬ ልናገረውና ይውጣልኝ።

አዎ፣ ሳር ነው የሚበሉት። ሳሩ የታለ?

ድሬን የምታውቁ ፍረዱኝ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከተማው ውስጥ አረንጓዴ ነገር የት ነው ያለው? መሬቱ አሸዋ ነው። ፀሐይዋ ሦስት ሰዓት ላይ ማቃጠል ትጀምራለች። ደቻቱ ወንዝ ዳር የሚበቅለው ቆሻሻ መሃል የሚበቅል ነው፤ የፌስታል ቁራጭና የባትሪ ድንጋይ አብሮ ይታጨዳል። መንገድ ዳር ያለውን አቧራና የመኪና ጭስ አልብሶታል። ንጹሑን ደግሞ ፍየሎች ቀድመውኝ ጨርሰውታል። ስለዚህ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቼ የመስኖ ውሃ የሚያልፍባቸውን ጓሮዎች እዞራለሁ። ባለቤቶቹን አስፈቅጃለሁ። ሰርዶ አጭዳለሁ። አሉማ ካገኘሁ ደስታዬ ነው፤ ጥንቸሎቹ ከሁሉም እሱን ይወዳሉ።

አሁን አሁን ግን እነዚያንም ጓሮዎች ፈረምሲሳ እየወሰዳቸው ነው። ይሄን አረም የሐረርጌ ገበሬ በደንብ ያውቀዋል። ስሙ ራሱ «መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ» እንደማለት ነው። መጤ ነው፣ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ። አንዷ ተክል ብቻዋን ከ10,000 በላይ ዘር ትበትናለች። የነካውን ሰው ቆዳ ያሳክካል፣ ይቆጣል። ለጋው ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል፤ ከሳር ጋር ተጋምዶ ሲበቅል ዓይን ያታልላል። ስለዚህ ያጨድኩትን ሁሉ ቤት ወስጄ ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ እለቅማለሁ። እጄ እስከ ክርኔ ሽፍ ብሏል። ሰው ግን ከረጢቱን ብቻ ነው የሚያየው።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ምክሩ ነው። ሁሉም ሰው ምክር አለው።

«ገራባ ስጫቸው፣ ሞልቶ የለም እንዴ!» ይሉኛል፤ ከቃሚ የተረፈውን የጫት ቅጠል ማለታቸው ነው። አዎ፣ ከሰዓት በኋላ ድሬ ውስጥ ገራባ ሞልቷል። ፍየሉም ይበላዋል። ግን ጫት ፀረ ተባይ እንደሚረጭበት ሁላችንም እናውቃለን፤ ቃሚው ራሱ አጥቦ ነው የሚቅመው። ጫት ደግሞ ሰውን የሚያነቃ ነገር ነው። ሁለት ኪሎ የምትሞላ እንስሳ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት።

«ፍየል የበላውን ጥንቸልም ይበላል» ይላሉ። አይበላም! ፍየል ያመነዥካል፣ ሆዱ አራት ክፍል አለው። ጥንቸል አታመነዥክም። የማይሆን ነገር ከበላች ደግሞ ማስመለስ አትችልም። የገባው ገብቷል። የወፍ ቆሎን አጥር አይታችሁታል፣ ያን ባለ ቀይና ቢጫ አበባውን? ከተማው ሙሉ እሱ ነው። ጉበት ይጎዳል። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ በፍቅር፣ አበባው ያምራል ብሎ፣ በሽቦው ቀዳዳ ሲያስገባላቸው ደረስኩበት። ልጁን አልተቆጣሁትም። ቁጭ አድርጌ አስረዳሁት። አሁን ከትልቆቹ ሁሉ የሚሻል ረዳት ሆኖኛል።

የስኳር ድንች ቅጠል ስሰጥ ያየች ሴት ደግሞ የድንች ቅጠል ሰብስባ አመጣችልኝ። እግዜር ይስጣት፣ ደክማለች። ግን ሁለቱ ስማቸው እንጂ ዘራቸው አንድ አይደለም። የስኳር ድንች ሐረግ ምርጥ መኖ ነው። የድንች ቅጠልና የቲማቲም ቅጠል መርዝ አላቸው። ለጋ ማሽላም እንደዚያው ነው፤ ዝናብ አጥቶ የጠወለገ ለጋ ማሽላ በሬ እንኳን ይጥላል። ገበሬው ያውቀዋል፣ ከተሜው ነው የረሳው።

አንዷ ዘመዴ ደግሞ ቤት መጥታ ጥንቸሏ የራሷን በጠጥ ስትበላ አየች። «አስርበሻት ነው!» ብላ ለዘመድ ሁሉ ነገረችብኝ። ይሄ በጣም ነው ያመመኝ። ጥንቸል እንደዚህ ነው የተፈጠረችው። ሁለት ዓይነት ትጥላለች። ደረቁን ትተወዋለች። ለስላሳውን ከራሷ ተቀብላ መልሳ ትበላዋለች። መጀመሪያ ሲያልፍ ያልወሰደችውን ምግብ የምታገኘው ከሱ ነው። ካልበላችው ነው መጨነቅ ያለብኝ። እኔ አስርቤ አላውቅም። እኔ ምሳ ሳልበላ የዋልኩባቸው ቀኖች አሉ፣ እነሱ ግን ጦማቸውን አድረው አያውቁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ወጣሁ። ሁለት ቀን ብቻ። ድርቆሹን በየቀኑ ለክቼ አስቀመጥኩ። «ከዚህ ሌላ ምንም እንዳትሰጪ» ብዬ ለአክስቴ ልጅ አደራ አልኳት። እሷም ድርቆሹን ስታየው አሳዘኗት። «ይሄን ደረቅ ነገር እንዴት ይበሉታል?» ብላ ቀፊራ ገበያ ሄዳ የጥቅል ጎመን ቅጠል በትልቅ ፌስታል አመጣች። ታጥቦ እርጥብ ነው። ፌስታሉን አስራ ግቢ ውስጥ አዋለችው። እርጥብ ቅጠል ታምቆ ሲውል ይግላል፣ ይቦካል። ማታ ላይ ሙሉውን ሰጠቻቸው።

ጥንቸል ምግብ በድንገት አይቀየርላትም። አዲስ ነገር ሲመጣ በጥቂት በጥቂቱ ነው፣ ሳምንት ከዚያም በላይ ይፈጃል። ጎመን ደግሞ በትንሹ ካልሆነ ሆድ ይነፋል። ስመለስ ቡኒዋ ጥንቸሌ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ጥርሷን ታፋጫለች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። እሽት አደረግኳት፣ ውሃ በመርፌ ቱቦ ሰጠኋት፣ ሌሊቱን ሙሉ ታቅፌያት አደርኩ። ሊነጋጋ ሲል ሞተች። ከወለደች ዘጠኝ ቀኗ ነበር። ሰባት ልጆች ነበሯት። በዚያው ሰሞን የወለደች ሌላ እናት ስለነበረችኝ ወደሷ ቀላቀልኳቸው። ሦስቱ ተረፉ።

የአክስቴ ልጅ አለቀሰች። አልጠላኋትም። እሷም የሰማችው ያንኑ ነው፤ ጥንቸል ያገኘችውን ትበላለች። ይቺ ቃል ናት ቡኒዬን የገደለችብኝ።

«ለምን ራስሽ አትተክዪም?» ለምትሉኝ፣ ተክያለሁ። አጥሩ ጥግ ሽፈራው አለኝ፤ በቆረጥኩት ቁጥር ያቆጠቁጣል፣ ውሃም ብዙ አይጠይቅም። የስኳር ድንች ሐረግ ቆራርጬ ስምንት ከረጢት አፈር ላይ ተክያለሁ። የጥንቸሎቹን በጠጥ እንዳለ ነው የማለብሰው፤ እንደ ዶሮ ኩስ ተክል አያቃጥልም። ግን ውሃ በመጣ ቀን ስንት ጀሪካን ነው የምንቀዳው? ለቤቱ ስቆጥብ፣ አትክልት የታጠበበትን ውሃ ለሐረጉ ሳጠራቅም ነው የምውለው። ባለፈው ወር ደግሞ በሩ ተከፍቶ አድሮ ፍየል ገባና ስድስቱን ከረጢት መለጠው። ባለቤቷ ምን አለችኝ? «ቅጠል አይደለም እንዴ፣ ይበቅላል።»

ቀፊራም እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ «አዴ፣ ይሄን ልውሰደው?» ስል እናቶቹ ከሐረማያ የመጣውን የካሮት ቅጠል በነጻ ይሰጡኝ ነበር። አሁን ፍየል የሚያደልቡ ሰዎች ስለሚገዙት በእስር በእስር ነው የሚሸጠው። አልፈርድባቸውም፣ እነሱም ቤት አላቸው።

«ሥጋው አይበላ! ምን ያደርግልሻል?» የሚለውንም ሰልችቶኛል። እወዳቸዋለሁ። ከዚህ ሌላ መልስ የለኝም።

ሁለት ነገር ልለምን። ቤቴ ስትመጡ በሽቦው ቀዳዳ ምንም አታስገቡ፤ መጀመሪያ እኔን ጠይቁኝ። ሌላው፣ ድሬ ውስጥ ግቢያችሁ መድኃኒት ያልተረጨበት የስኳር ድንች ሐረግ ወይም ሰርዶ ያላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ራሴ መጥቼ አጭዳለሁ፣ ግቢውንም ጠርጌ ነው የምሄደው። በምትኩ ለጓሯችሁ የሚሆን በጠጥ በከረጢት አመጣላችኋለሁ። ከቡኒዋ ልጆች አንደኛው ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ የሽፈራው ቅጠል ቀመሰ። አንዲት ቅጠል ብቻ ነው የሰጠሁት። ነገ ሁለት እሰጠዋለሁ።