ዓሣው በነጻ፣ ድግሙም በነጻ

ሐዋሳ በሄድኩ ቁጥር ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርጄ ዓሣ ሳልበላ አልመለስም። ባለፈው ጉዞዬ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት አገር ምድሩ በየቤቱ ተከቶ በሚመለከተው ተከታታይ ድራማ ላይ ጨካኙን ነጋዴ ሆነው የተወኑ አንጋፋ ተዋናይ ነበሩ። ዓሣ የምትበልተው ሴት ቢላዋዋን እንደያዘች በገጸ ባሕሪው ስም ጠርታ፣ «ያቺ ምስኪን ምን አድርጋህ ነው እንዲያ ያሰቃየሃት?» አለቻቸው (ለገጸ ባሕሪው አንቱታ አይገባውም መሰለኝ)። እሳቸው ሳቁ። ጥብሱ ከነዳጣው ቀረበ፣ ሾርባም ተጨመረ፤ ሒሳብ ሲጠይቁ ግን ባለቤቱ «ከእርስዎማ አንቀበልም» ብሎ እጃቸውን መለሰ።

ወደ ሐዋሳ የመጡት ሰርግ ላይ መድረክ ሊመሩ ነበር። ድራማው ካለቀ ወዲህ ከማስታወቂያና ከመድረክ መሪነት ሌላ ይህ ነው የሚባል ሥራ እንዳላገኙ፣ አዘጋጆችም ሲጠሯቸው ለዚያው ለጨካኝ ባለሀብት ብቻ እንደሆነ አጫወቱኝ።

እኔ 19 ዓመት በኖርኩባት አሜሪካ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ጄፍሪ ኦወንስ የተባለ፣ በ«ዘ ኮዝቢ ሾው» የቴሌቪዥን ድራማ የቤተሰቡ አማች ሆኖ የታወቀ ተዋናይ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሱፐርማርኬት ሲሠራ ፎቶ ተነሥቶ መሳለቂያ ሆኖ ነበር። የሙያ ባልደረቦቹ ወዲያው ቆሙለት፣ የትወና ሥራም ቀረበለት፤ እኔን ግን ከዚህ ሁሉ የገረመኝ ገንዘቡ ነው። እዚያ ድራማው በድጋሚ በታየ ቁጥር ለተዋናዩ ድርሻ ይላክለታል፤ ሪሲጁዋል ይሉታል። በዋናው ተዋናይ ላይ በቀረቡት ውንጀላዎች ሳቢያ «ዘ ኮዝቢ ሾው» ከጣቢያዎች ሲወርድ የኦወንስም ገቢ ተነካ። ይህ ድርሻ በችሮታ የተገኘ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የተዋንያን ማኅበሩ ለ118 ቀናት ሥራ ያቆመበት አንዱ ምክንያት በኢንተርኔት ለሚታዩ ሥራዎች የሚከፈለው ድርሻ ማነሱ ነበር።

በእኛም አገር የቅጂ መብትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች፣ ማለትም እንደ ተዋንያን ላሉት፣ በክዋኔያቸው ላይ ተዛማጅ መብት የሚባል መብት ይሰጣል። የእኚህ ሰው ውል ግን፣ እንደነገሩኝ፣ ለየክፍሉ ቀረጻ ከሚከፈላቸው ገንዘብ በቀር ስለ ድጋሚ ስርጭት አንድም ቃል አያነሣም።

እናቴ ሜሪላንድ ተቀምጣ ድራማውን በዩቲዩብ ለሦስተኛ ጊዜ እንደጀመረችው፣ እሳቸውንም ዛሬም ድረስ እንደምትረግማቸው ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው። ከዚያ የዓሣውን አጥንት ለአባ ኮዳ ወፎቹ ወርውረው እጃቸውን እየጠረጉ፣

«መሐል መሐል ማስታወቂያ ይገባበታል?» ብለው ጠየቁኝ።

«በየአሥር ደቂቃው፣ ጋሼ» አልኳቸው።