የልጁን ደብር የሚጠይቅ ማሳደጊያ

ችግር ላይ የወደቁ ልጆችን ተቀብሎ በሚያሳድግና በዚያው ግቢ በሚያስተምር አንድ የባሕር ዳር ክርስቲያናዊ ማሳደጊያ ለጥቂት ወራት በበጎ ፈቃድ ሳገለግል፣ የአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የመመዝገቢያ ቅጽ እጄ ገባ። ወረዳና ቀበሌ በሚለው ቦታ «አይታወቅም»፣ ዘመድ በሚለው ደግሞ «የለውም» ተብሎ ተሞልቷል። ልጁን ከምሳ በኋላ ሳሕን ሲያጥብ አግኝቼ አገሩን ስጠይቀው ግን እጁን ከውኃው ሳያወጣ መለሰልኝ፤ ከጣና ማዶ ነው፣ ደብራቸው ሚካኤል ነው፣ ገበያቸው ቅዳሜ ይቆማል፣ አያቱ ጌሾ ትሸጣለች።

እንዲህ ያሉ ተቋማት ይዘጉ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገድ በተቆረጠ ቁጥርም ልጁን ወደ ቤተሰቡ መመለስ ቢፈለግ እንኳ አይቻልም። በዕድሜው ስድስተኛ ክፍል መድረስ የነበረበት ልጅ ፊደል ሳይለይ ሲመጣ፣ ከትንንሾቹ ጋር ተቀምጦ እንዳያፍር ለብቻው የሚያስጠናው መምህር ያለው በዚያ ግቢ ነው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ የልጁ ዘመድ የት እንዳለ አለመጠየቁ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን ወይም በሕግ አሳዳጊዎቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት እንደማይሆን ይናገራል። ክርስቲያናዊ ማሳደጊያ ይህን ለመፈጸም ከማንም የተሻለ መንገድ በእጁ አለው። ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ ዕድሩ፣ ለንግሥ ከገጠር የሚመጣው ካህን ሁሉ ሰው ያገናኛሉ፤ የክርስትና አባትም ዘመድ ነውና የት እንዳለ ሊጠየቅ ይገባል። ይህን ሁሉ ትቶ በግንብ አጥር ውስጥ አልጋ መቁጠር (ለለጋሾች የሚላከው ሪፖርት የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው) የሚያሳዝን ብክነት ነው። ልጁ ከሙስሊም ቤተሰብ የመጣ ከሆነም ጥያቄው ወደ መስጊዱ ይሂድ፤ የልጁን ሃይማኖት መለወጥ የማሳደጊያው ሥራ አይደለም።

እርግጥ ዘመድ ሁሉ መጠጊያ አይሆንም። ልጁ የሸሸው ከዚያው ቤት ሊሆን ስለሚችል፣ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት እርሱ ራሱ ሊጠየቅ፣ የተገኘው ዘመድም በሚገባ ሊጣራ ይገባል። ይህ ጊዜና ሠራተኛ ይፈልጋል። ቅጹ ላይ ደብር፣ የገበያ ቀንና የክርስትና አባት የሚሉ ሦስት ረድፎችን መጨመር ግን ከቀለም በቀር ምንም አያስወጣም።

የዚያን ልጅ አያት ያገኘልን ከጀልባ ጌሾ የሚረከብ ነጋዴ ነበር። ሴትዮዋ መጡ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ልጁን አስተምረው ማሳደግ እንደማይችሉም ራሳቸው ተናገሩ። ስለዚህ ልጁ እዚያው ይማራል። ለፋሲካና ለክረምት፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ በጀልባ ይሻገራል፤ «የለውም» የሚለውም ተሰርዞ የአያቱ ስም ተጽፎበታል።