ማስተካከያ፦ ካሳውን ጠቅልሎ የወሰደ ሰው ሕክምናው ይቀጥላል?

ባለፈው በካሊፎርኒያ ሥራ ላይ ስለተጎዱ ሠራተኞች ካሳ ስጽፍ፣ «ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ብትወስዱም ኢንሹራንሱ ማሳከሙን ይቀጥላል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሁለት ዓይነት ስምምነት አምታትቼ ነው።

ካሳው ተጠቃልሎ ሲከፈል ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ይዘጋል። ወደፊት ለምሳሌ የወገብ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልጋችሁ ወጪው ከዚያው ገንዘብ ነው። ኢንሹራንሱ ማሳከሙን የሚቀጥለው በሌላኛው ስምምነት ነው። በእሱ ጉዳቱ በመቶኛ ይተመንና ካሳው በየሁለት ሳምንቱ ይከፈላል።

ሁለቱንም የሠራተኞች ካሳ ዳኛ ማጽደቅ አለበት ያልኩት ግን ልክ ነው። የጠበቃ ክፍያም ከካሳው ላይ ይቀነሳል። ወፍራም ቼክ ያጓጓል፤ እኔ ብሆን ግን ቀጣይ ሕክምናዬ ስንት እንደሚፈጅ ሐኪሜን ሳልጠይቅ አልፈርምም።